እያሳቁ ስለ አየር ንብረት ማወያየት፦ ለትንሽ የቴአትር ቡድን ዝርዝር መመሪያ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚደረግ ስብሰባ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከፊት ባነር ይሰቀላል። ባለሙያው ፕሮጀክተር ይከፍታል። ግማሹ ሰው ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ሻይ የሚመጣበትን ሰዓት ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አዳራሹ ጭጭ ይላል። ያ ሁሉ ሰው ግን ስለ ዝናብ የሚለው አጥቶ አይደለም። ከአዳራሹ ወጥቶ ጠላ ቤት ሲገባ ስለ ዘንድሮው በልግ ሲያወራ ያመሻል።

ትንሽ የቴአትር ቡድን ትልቅ ሥራ መሥራት የሚችለው እዚህ ጋ ነው። ያንን የጠላ ቤት ወሬ ሁሉም ሰው ወደተሰበሰበበት ሜዳ ያመጣዋል። አብሮ የሳቀ ሰው እርስ በርሱ አይፈራራም፤ አፉም ይፈታል። ስለዚህ የጭውውታችሁ ግብ ትምህርት መስጠት አይሁን። ሳቁ ሰዉን ያናግር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ነው ዋናው ሥራ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው።

መመሪያው ከአምስት እስከ ስምንት አባላት ላሉት፣ ኪሱ ባዶ ለሆነ ቡድን ነው። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የወጣት ማእከል አማተር ክበብ፣ የሰፈር ጓደኛሞች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት በልግ ከሚያበቅለው የወሎና የሰሜን ሸዋ አካባቢ ነው። እናንተ አዳማ ወይም ጂንካ ከሆናችሁ የራሳችሁን ወቅትና የራሳችሁን ሰብል ተኩበት።

1. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

«የአየር ንብረት ለውጥ» ብሎ ጭውውት መጻፍ አይቻልም፤ በጣም ሰፊ ነው። የዘገየ በልግ ግን ይቻላል። የቦኖ ውሃ ወረፋ ይቻላል። ድሮ ወባ በማይታወቅበት ደጋ ላይ የመጣች ትንኝም ትሆናለች። አዝመራ ሲታጨድ የሚወርድ ዝናብም እንዲሁ።

ለመምረጥ ቁጭ ብላችሁ አትሰብሰቡ፤ ተበተኑ። አንዱ ወፍጮ ቤት ይሂድ፣ አንዷ ቦኖ ጋ ትቁም፣ አንዱ የገበያ ቀን እህል ተራ ይዋል። አዛውንት ስታገኙ «የአየር ንብረት ተለውጧል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይልቅ «እርስዎ ልጅ ሳሉ ማሽላ መቼ ነበር የሚዘራው?» በሉ። መልሱ ረጅም ይሆናል፤ ጨዋታም ይኖረዋል። ድሮ ማሽላ በሚያዝያ ይዘራ እንደነበር፣ በልጉ ሲጠፋ ግን ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ እንደሚዞር ይነግሯችኋል። ማሽላ ዘግይቶ ከተዘራ ሳያፈራ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ይህን ከወረቀት ላይ ከምታነቡት ከእሳቸው አፍ ብትሰሙት ይሻላል፤ ቃለ ተውኔቱ የሚገኘው ከዚያ ነውና። የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉ። አታሳምሩት።

ለአባባሎች ጆሯችሁን ስጡ። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የማይል ሰው የለም። ነሐሴ 13 ካለፈ ክረምቱ አበቃ ማለት ነው። አሁን ግን ጤፉ ታጭዶ መሬት ላይ ሳለ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ያልተጠበቀ ዝናብ ወርዶ ያበሰብሰዋል። በአባባሉ የሙጥኝ ያለ ሰውና አባባሉን ያልሰማ ዝናብ አንድ መድረክ ላይ ቢገናኙ ጭውውቱ ግማሹ ተጻፈ ማለት ነው።

2. እውነታውን አጣሩ

ሰው ሲስቅ የሰማው ነገር አይረሳውም። ስለዚህ ስሕተት ከተናገራችሁ ስሕተቱም አይረሳም። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ አግኙ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግና ከክረምት በፊት የሚያወጣውን የወቅት ትንበያ አንብቡ። ከዚያ ለአንድ ጭውውት ቢበዛ ሦስት እውነታ ያዙ።

የመጀመሪያው ሁሉም ተዋናይ ሊያውቀው የሚገባው ልዩነት ነው። ዛሬ ዘነበ፣ ነገ ጸሐይ ወጣ የሚባለው የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት የሚባለው ደግሞ የረጅም ጊዜ ጠባይ ነው፤ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ይወስዳሉ። አንድ ዓመት ዝናብ ስለጠፋ ብቻ ለውጥ ነው አይባልም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 የክረምቱ ዝናብ ሲቀንስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጓል። የዚያን ዓመት ዋና ምክንያት ግን በየተወሰነ ዓመቱ የሚመላለሰው ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ነበር።

ሁለተኛው፣ ዝናብ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ ለምን በጎርፍ እንደሚመጣ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑም ትልቅ ሆነ እንበል። ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል፤ ሲገለበጥ ግን ብዙ ይወርዳል። ይህን አንድ ተዋናይ ሁለት ጀሪካን ይዞ በአንድ ደቂቃ ሊያሳየው ይችላል።

ሦስተኛው፣ ሁሉንም ጥፋት በአየር ንብረት ላይ አለመደፍደፍ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ሲደርቅ ውሃው ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ሲሳብ፣ ከተራቆተው ተራራ የመጣ ደለልም ሲሞላው ቆይቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናን፣ የሶማሌ ክልልንና ጎረቤት አገሮችን የመታው ድርቅ አለ። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ ከፍ እንዳደረገው አሳይቷል። ከዝናቡ ማነስ በላይ ሙቀቱ አፈሩ ውስጥ ያለችውን እርጥበት ስለሚመጥ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ለይቶ የሚያውቅ ተዋናይ ከተመልካች ጥያቄ ሲመጣበት አይደናገጥም።

3. ማን ላይ እንደምንስቅ እንወስን

ይህን ከመጻፋችሁ በፊት ቡድኑ ተሰብስቦ ይነጋገርበት። ከብቱ ያለቀበት ሰው ላይ አይሳቅም። እርዳታ የሚጠብቅ ሰው ላይ አይሳቅም። በሰው አነጋገር፣ በብሔሩ፣ በአካል ጉዳቱ መሳቅ ደግሞ ተዋናዩ ሌላ ቀልድ እንደሌለው ነው የሚያሳየው።

የሚሳቅበት ሞልቷል። ሁሉን አውቃለሁ ባይ አለ። ከዓመት ዓመት ስብሰባ የሚጠራ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ፣ ምንም የማይሠራ አለ። ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ ሄዶ ተመልሶ ውሃ የማያጠጣ አለ። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ያንን ሰው የማያውቅ ቀበሌ የለም፤ ብዙ ጊዜ ራሳችን ነን። ገጸ ባሕርዩ ግን የሰፈሩ ሰው በጣት የሚጠቁመው አንድ ግለሰብ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ስም፣ አለባበስ፣ የሥራ ማዕረግ ቀይሩ። የሚነካ ጉዳይ ከሆነ በእንስሳት አናግሩት። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት በጻፉት «የአውሬዎች ኮሜዲያ» አራዊትን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ተችተዋል። ቤተ መንግሥቱም ገብቶት አገደው።

4. ጭውውቱን መጻፍ

ቀልድ ከየት ይምጣ? ሁሉም ሰው ደንቡን የሚያውቀው ሥነ ሥርዓት ውሰዱ። እድር፣ ሽምግልና፣ እቁብ፣ ሠርግ፣ የቀበሌ ወረፋ። ከዚያ ደንቡን ሳትቀይሩ ባለጉዳዩን ቀይሩት። ለምሳሌ በልግ ሞተ ተብሎ እድር ቢሰበሰብስ?

መርዶ ነጋሪ፦ በልግ አርፏል። ሌሊት ነው የሰማነው።

ጋሽ ይመር (የእድሩ ዳኛ)፦ ነፍስ ይማር። ለመሆኑ የኛ እድርተኛ ነበር?

ጸሐፊው (መዝገብ እየገለጠ)፦ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እያረፈደ ነው የመጣው። ቅጣቱንም አልከፈለም።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲያው ድንኳን አይወጣለትም። ደንብ ደንብ ነው!

እትዬ ዘነበች፦ ኧረ ጋሽ ይመር፣ ሬሳውን ሳናይ አይሆንም። አምና ሞተ ብለን አልቅሰን አልቅሰን፣ ግንቦት ላይ ከች ብሎ ድንኳናችንን በጎርፍ አልወሰደብንም?

ጸሐፊው፦ ታዲያ መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ሞቷል ወይስ ዘግይቷል?

እትዬ ዘነበች፦ እኔ እንጃ። ዘንድሮ በዚህ ቀበሌ የዘነበች እኔ ብቻ ነኝ።

ወጣቱ፦ ቆይ፣ ማነው የገደለው?

(ሁሉም ዝም ይላሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ።)

ጋሽ ይመር፦ ይሄ ልጅ የማን ነው? ወርሃዊ ከፍሏል?

ይህ ለምን ያስቃል? ጋሽ ይመር ቀልድ እየተናገረ መሆኑን አያውቅም። ለእሱ ጉዳዩ የእድር ደንብ ነው፤ ኮስተር ባለ ቁጥር ሳቁ ይጨምራል። ጋሽ ይመርን የሚጫወተው ልጅ ፈገግ ካለ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ተመልካቹ ደግሞ የሚስቀው በእድሩ ብቻ አይደለም። በልጉ እያረፈደ መምጣቱን፣ ሲመጣም ጎርፍ ሆኖ መምጣቱን ያውቀዋል። ማንም ሳያስተምረው «እውነት ነው!» ይላል።

የጭውውቱ ማጠፊያ ግን «ማነው የገደለው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን አትጻፉት። ወጣቱ ተነሥቶ ስለ ካርቦን ንግግር ካደረገ ያ የተከፈተ አፍ ሁሉ ይዘጋል። ጥያቄውን አንጠልጥላችሁ ተዉት፤ ከጭውውቱ በኋላ የሚመልሰው ተመልካቹ ነው።

ሌላም መፍጠር ትችላላችሁ። ዝናብን ለማስታረቅ ሽማግሌ ይላክ፤ ሽማግሌዎቹ ምን ጥፋት አምነው ምን ካሳ ይዘው ይሄዳሉ? ወይም ቦኖ ጋ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የተሰለፉ ጀሪካኖች ሌሊቱን ይጫወቱ። ቢጫው የቆየ ዘይት ጀሪካን ለአዲሱ ሰማያዊ «እኔ ስመጣ ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም» እያለ ያውራው። ለአልባሳት ወጪ የለውም፤ ጀሪካን በየቤቱ አለ።

ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብቃው። ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ካገኛችሁ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሁላችንም ዛፍ እንትከል» የሚል መልእክት እንድታስገቡ መጠየቁ አይቀርም። በጨዋነት እምቢ በሉ። የውይይቱን ማስታወሻ እንሰጣችኋለን በሏቸው። ከመፈክር ይልቅ እሱ ይጠቅማቸዋል።

5. ልምምድ

መጀመሪያ በአፍ ተጫወቱት። የትዕይንቱን ቅደም ተከተል ብቻ ይዛችሁ ተዋናዮቹ ከራሳቸው ያውሩ፤ በስልክ ቅረጹ፤ የሚያስቀውን ለቅማችሁ ጻፉ። በቃል የመጣ አማርኛ በወረቀት ከተጻፈው ሁሌም ይበልጣል።

ልምምዱ ከግማሽ በኋላ ሜዳ ላይ ይሁን። ባጃጅ እያለፈ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ነፋስ እየነፈሰ። ሳቅ ሲመጣ ቆም ማለትን ተለማመዱ። ብዙ ጀማሪ ተዋናይ ሳቁ ላይ እየተናገረ ቀጣዩን ቀልድ ያጠፋዋል። ከዚያ አስር የሚሆኑ ሰዎች ጠርታችሁ አሳዩ፤ ከመካከላቸው ገበሬና አንዲት ትልቅ እናት ይኑሩ። ያልሳቁበትን አውጡት። የከፋቸው ነገር ካለም ለብቻ ጠይቋቸው።

6. ፈቃድ፣ ቦታ፣ ሰዓት

ለቀበሌውና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ በኪሳችሁ ይኑር። የእድር ዳኛ፣ ቄስና ሼህ አስቀድመው ይስሙ። ሰው ከመጥራት ሰው ወዳለበት ሂዱ። የእድር ስብሰባ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የገበያ ቀን ከቀትር በፊት ይመቻል። ሞንታርቦ ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ሰዉን በክብ አስቀምጡና ድምፃችሁን አውጡ። ሕፃናት ከፊት ይቀመጡ፤ ከኋላ ከሆኑ መግቢያ ያሳጧችኋል። ባለሥልጣን ንግግር ማድረግ ከፈለገ ከጭውውቱ በፊት ያድርግ። በኋላ ከሆነ ስብሰባ ይመስልና ሰው መበተን ይጀምራል።

7. ውይይቱ

ለዚህ ከጭውውቱ እጥፍ ጊዜ ያዙ። የቡድኑ ምርጥ አድማጭ መድረክ መሪ ይሁን፤ ቀልደኛው አይሁን።

ጭውውቱ እንዳለቀ ጭብጨባው ሳይበርድ ግቡ። «ምን ተማራችሁ?» አይባልም፤ ያ የአስተማሪ ጥያቄ ነው። «እንደ ጋሽ ይመር ያለ ሰው ታውቃላችሁ?» በሉ። ሰው እንደገና ይስቃል፣ ይጠቋቆማል። ከዚያ «ልጁ የጠየቀውን ማንም አልመለሰለትም። ለመሆኑ በልግን ማነው የገደለው? ለሁለት ደቂቃ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተጫወቱበት» በሉ። ይህች ሁለት ደቂቃ ቀላል አትምሰላችሁ። በአደባባይ የማይናገር ሰው ለጎረቤቱ ይናገራል። ከዚያ ጎረቤቱ «እሷ ያለችው ጥሩ ነው» ብሎ ያወጣላታል።

ሴቶች በወንዶች ፊት ዝም ካሉ አታስጨንቋቸው። እትዬ ዘነበችን የተጫወተችው ልጅ በገጸ ባሕርይዋ እንዳለች መሀላቸው ገብታ ትቀመጥና «እናንተስ ውሃ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» ትበላቸው። ወይም ከትዕይንቱ በኋላ ቡና አፍሉ። ውሃ የሚቀዳውን፣ ማገዶ የሚለቅመውን ሰው ያልሰማ ውይይት ግማሽ ነው።

አንዳንድ መልሶች በየቦታው ይመጣሉ። ተዘጋጁባቸው።

«የፈጣሪ ቁጣ ነው» የሚል ይኖራል። አትከራከሩ። ይህ የሰዎች እምነት ነው፤ መድረክ መሪው ሊያፈርሰው አልመጣም። «ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን እስከ ዛሬ ለምን ተረፈ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ቄሱ ራሳቸው ይመልሱላችኋል። ስለ መጠበቅ፣ ስለ ገደብ፣ ስለ ውግዘት ያወራሉ። ውይይቱ ከዚያ ወደ ተራራው ይሄዳል።

«ፈረንጆች ናቸው ያበላሹት፤ እኛ ምን አደረግን?» የሚልም አይጠፋም። እውነት አለው፤ እውነቱንም ስጡት። የመላው አፍሪካ ድርሻ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ስትነግሩት ሰውየው ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ «ታዲያ ምን እንጠይቃቸው?» በሉት። የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። «እነዚያ እንግዶች እዚህ ቀበሌ ቢመጡ ምን ታሳዩአቸዋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያናግራል።

«መንግሥት ያድርግልን» ሲባል ደግሞ ዝርዝር ጠይቁ። ምኑን? የትኛው ቢሮ? ማን ይሂድ?

ግብርና ባለሙያው ከኋላ ይቀመጥ። ሲጠየቅ ብቻ፣ በሁለት ደቂቃ ይመልስ። ቀድሞ ከተናገረ የሰዉ ወሬ ይቆማል።

ሁለተኛ ዙር ማከል ከፈለጋችሁ ፎረም ቴአትርን ሞክሩ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ዘዴ ነው። ጭውውቱ እንደገና ይጀመራል። ተመልካች ያልወደደው ቦታ ላይ «ቁም!» ብሎ ይነሣና የአንዱን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይይዛል። ለምሳሌ አንዲት እናት ወጣቱን ተክታ «ማነው የገደለው?» ካለች በኋላ ጋሽ ይመር «ወርሃዊ ከፍለሻል?» ሲላት ዝም አትልም። «ከፍያለሁ! የከፈልኩትን ብር ድንኳን አትግዙበት፤ ኩሬ አስቆፍሩበት» ልትል ትችላለች። ተዋናዮቹ እዚህ ጋ ቶሎ እሺ ማለት የለባቸውም። ጋሽ ይመር ይከራከራት፤ «ኩሬውስ ትንኝ አያመጣም? መሬቱንስ ማን ይሰጣል?» ይበላት። ሐሳቧ የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ሌላውም ሊያግዛት ይነሣል። ከመድረኩ እስክትወርድ ድረስ ክብሯን ጠብቁላት። ይህ ለቀልድ የሚቀርብ አይደለም።

8. ከዚያ በኋላ

አንድ አባል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጻፍ፤ ማን እንዳለው ሳይሆን ምን እንደተባለ። ሰው ሳይበተን ማስታወሻውን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ የጎደለውን ያስተካክላሉ። አንድ ቅጂ ለእድሩ፣ አንድ ለቀበሌው ይሰጥ። ኩሬ ይቆፈር ተብሎ ከሆነ ማን እንደሚከታተለው እዚያው ይወሰን፤ ከቡድኑ ሳይሆን ከሰፈሩ ሰው ይሁን።

ከአንድ ወቅት በኋላ ተመለሱ። ጭውውቱ ግን ያው እንዳይሆን። በልጉ መጥቶ ከሆነ ጋሽ ይመር ሰርዞት የነበረውን ስም መዝገብ ላይ መመለስ አለበት፤ እትዬ ዘነበችም የምትለው አታጣም። ኩሬው ሳይቆፈር ቀርቶ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ትዕይንት የሚጀምረው «ባለፈው የተወሰነው የት ደረሰ?» ብሎ በሚጠይቅ አንድ እድርተኛ ነው።